ነጻ የተባለ ፕሮግራምና በውስጡ ያለው ፈቃድ

ልጃችሁ ኮምፒውተር ተምሮ ሃይቴክ ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ በሥራ ውሉ ላይ ስለ «ኦፕን ሶርስ» የሚያወራ አንቀጽ ሊያጋጥመው ይችላል። ቃሉ ለእኛ ለወላጆች እንግዳ ነው። ነገሩ ግን ከእርሾ ብዙም አይርቅም።

አንዲት እናት ለጎረቤቷ እርሾ ሰጠች እንበል። ገንዘብ አልጠየቀቻትም። ያለቻት ይህን ብቻ ነው፦ «በዚህ ያቦካሽውን ለሰው ከሰጠሽ ወይም ከሸጥሽ አሠራሩንም አብረሽ ስጪ፤ የተቀበለውም ለሌላ እንዲሰጥ አትከልክይ።» ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ የሚለው ይህንኑ ነው። ሊኑክስ የተሰጠው በዚህ ፈቃድ ነው። በቤቷ ጋግራ የምትበላ ሴት ምንም ግዴታ የለባትም፤ ግዴታው የሚመጣው ነገሩ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው።

ጠቡ የሚነሳው ሁለት ሊጥ ሲቀላቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክሪስቶፍ ሄልቪግ የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራመር፣ ቪኤምዌር የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ቪኤምዌር የሚሸጠው ፕሮግራም አንድን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር ያሠራል። ይህ ፕሮግራም ከዲስክና ከኔትወርክ ካርድ ጋር ለመነጋገር ድራይቨር ያስፈልገዋል። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው፤ ቢሮ ስንሄድ እንደምንፈልገው ዓይነት። ኩባንያው የሊኑክስን ድራይቨሮች ለመጠቀም እንዲችል ከሊኑክስ የተወሰደ ኮድ ያለበት አንድ ክፍል ጨመረ። የዚያን ክፍል ኮድ ለሕዝብ ሰጠ፤ የዋናውን ፕሮግራም ኮድ ግን ያዘ። ሄልቪግ ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ሊጥ ሆነዋል፣ ስለዚህ የሁሉም ኮድ መሰጠት አለበት ብሎ ተከራከረ። ኩባንያው ደግሞ ለየብቻ ናቸው አለ።

ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኙም በ2019 አልሰመረም። የሚገርመው ምክንያቱ ነው። ሊጡ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። ሄልቪግ የተረታው፣ ብዙ ሰው ተባብሮ ከጻፈው ኮድ ውስጥ የእሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ፣ ያም በኩባንያው ፕሮግራም ውስጥ እንዳለ በበቂ አላሳየም ተብሎ ነው። ኩባንያውም በኋላ ያንን ክፍል ከፕሮግራሙ ነቅሎ እንደሚያወጣው አስታወቀ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ብዙ ተማሪዎች የኦራክልን ቨርቹዋልቦክስ ለትምህርት ይጭናሉ። ዋናው ፕሮግራም በጂፒኤል የተሰጠ ነው። «ኤክስቴንሽን ፓክ» የሚባለው ተጨማሪው ጥቅል ግን ሌላ ፈቃድ አለው፦ ለግል አገልግሎትና ለትምህርት በነጻ፣ ለድርጅት ሥራ በክፍያ። ልጁ ቤት የለመደውን በሥራ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ከጫነ፣ ሂሳቡ የሚመጣው በአሠሪው ስም ነው። አዲስ ገብ ሠራተኛ ደግሞ በዚህ መታወቅ አይፈልግም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ኮዱን ማወቅ አይጠበቅብንም፤ መጠየቅ ግን እንችላለን። በሥራ ቦታ ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጫኑ ወይም ከኢንተርኔት ያገኘውን ኮድ ከመጠቀሙ በፊት ኃላፊውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ውሉ እሱ ቤት ስለሚጽፈው ኮድ ምን እንደሚል ሳይፈርም ያንብብ። የራሱን ኮድ የጻፈበትን ቀንም መዝግቦ ያስቀምጥ፤ ሄልቪግን የጎዳው የድርሻ ማስረጃ ጉዳይ ነበርና።