የዶሮን ደረት ሞልቶ፥ በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍኖ በቤት ውስጥ ስለ መጥበስ

በአገራችን የአንዲት እመቤት የወጥ ቤት ሙያ የሚመዘነው ከሁሉ አስቀድሞ በዶሮ ወጥ ነው። ዶሮይቱ በ12 ብልት ተከፍላ፥ በሎሚና በጨው ታጥባ፥ ሽንኩርቱና በርበሬው በሚገባ ከበሰለ በኋላ ከእንቁላሉ ጋር በገበታ ላይ በቀረበች ጊዜ፥ እንግዳው ምንም ባይናገር ብልቱን በዐይኑ ይቆጥራል። አንዲት ብልት ጎድላ ብትገኝ ነውሩ በወጥ ሠሪዋ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «የዶሮን ደረት ለብቻው አውጥታችሁ፥ በውስጡ ሙሌት አግብታችሁ፥ በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍናችሁ ጥበሱት» ብሎ ቢመክር፥ ነገሩ እንደ ድፍረት መቆጠሩ አይቀርም። እኛም ይህን ምክር ከመስጠታችን በፊት፥ ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰንን ምክንያት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት ይገባናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በወላይታ ዞን፥ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሻንቶ፥ በአንድ ደግ ቤተ ሰብ ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ነበር። የቤቱ ሰዎች ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት ናቸው። እመቤቲቱ ስለ እኛ ክብር ሁለት ዶሮ ልታሳርድ በተነሣች ጊዜ፥ ስለ ዶሮ አበሳሰል ጨዋታ ተነሣና እንዲህ ስትል አጫወተችን፤ «በእኔ ቤት የደረት ሥጋ ዕድል የለውም። ከእግሩ ጋር እኩል ስለሚበስል እንደ ቃጫ ይደርቃል፤ ልጆቹም መረቁን በእንጀራ ጠቅሰው ሥጋውን ይተዉታል። በሶዶ ከተማ በአንድ ሰርግ ላይ የደረት ሥጋ በቅቤ ተሞልቶና በዳቦ ተሸፍኖ ተጠብሶ ቀርቦልኝ ነበርና፥ እኔም በቤቴ ሞከርሁት። ቅቤው ሁሉ ወደ ዘይቱ ፈሰሰ፤ ውጪው ከሰለ፤ ውስጡን ብቈርጠው ደም ነበረበት። አንዲት ዶሮ በከንቱ አጠፋሁ፤ ባለቤቴም እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።»

ነገሩን በሳቅ ብትናገረውም፥ እኛ ግን እንደ ቀላል አላየነውም። ዶሮ በገጠር ከተማ ለሚኖር ቤተ ሰብ የበዓል ሀብት ናት፤ እንቁላሏም ለልጆች ምግብና ለእመቤቲቱ የእጅ ገንዘብ ይሆናል። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ማክሰል ቀላል ኪሳራ አይደለም። ከዚህም በላይ፥ በወላይታ የዕለት ምግብ አብዛኛው የሚገኘው ከእንሰት፥ ከበቆሎ፥ ከስኳር ድንችና ከጎደሬ ነው። ቆጮና ሥራ ሥር ጉልበት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ለልጅ አካል ዕድገት እጅግ የሚያስፈልገው፥ ዛሬ ፕሮቲን የምንለው ገንቢ ምግብ በእነርሱ ውስጥ ጥቂት ነው። 100 ግራም ያልበሰለ የዶሮ ደረት ግን 22 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እንግዲህ ልጆች ከዶሮይቱ ትተው የሚነሡት ብልት፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ከእመቤቲቱ ጋር ተመካክረን፥ የሁለቱን ዶሮዎች ደረት ለዚህ ሥራ ለየን፤ የቀረውንም ብልት ለማግሥቱ ወጥ አኖርነው።

ሥጋን በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍኖ መጥበስ በብዙ አገር የታወቀ ሙያ ነው። የሚላኖ ሰዎች የጥጃን ሥጋ፥ የቪየና ሰዎችም እንዲሁ ይጠብሳሉ፤ በአገራችን ምግብ ቤቶች የተለመደው «ኮቶሌታ» የሚለው ስም የመጣው ከጣልያን ቋንቋ ነው። በኪየቭ ከተማ ስም የሚጠራው ደግሞ በቀጭኑ የተደበደበ የዶሮ ደረት የቀዘቀዘ ቅቤ ተጠቅልሎበት የሚጠበስ ነው። «ኮርዶን ብሉ» የሚባለው በአይብና በዐሣማ ሥጋ ይሞላል። የዐሣማ ሥጋ ግን በአገራችን በብዙው ሰው ቤት ስለማይበላ፥ ይህን ሙሌት እንዳለ መቀበል አይቻልም። ደግሞም የሰው አገር ሙሌት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም፤ ወላይታ በቅቤዋ የታወቀች አገር ናት፤ አይብና ጎመን በየቤቱ አለ፤ ከቃሪያ፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከመልካም መዓዛ ቅጠላ ቅጠል ተፈጭቶ ከሥጋ ጋር የሚበላው ዳጣም ከገበታዋ አይጠፋም።

ለስምንት ሰው ያዘጋጀነው መጠን እንዲህ ነው፤ ከሁለት ዶሮ የወጣ አራት ግማሽ ደረት፥ እያንዳንዱ 120 ግራም ያህል፤ ውሃው የተጨመቀ አይብ 6 የሾርባ ማንኪያ፤ ተቀቅሎ፥ ተጨምቆና በደቃቁ ተከትፎ የተዘጋጀ ጎመን 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ንጥር ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ዳጣ 2 የሻይ ማንኪያ፤ የፉርኖ ዱቄት አንድ ስኒ፤ እንቁላል 2፤ ከሁለት ቀን ከደረቀ ፉርኖ ዳቦ የተፈረፈረ 150 ግራም፤ ጨውና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ፤ በመጥበሻው ውስጥ እስከ ሥጋው ወገብ የሚደርስ ዘይት።

አስቀድሞ የሚሠራው ሙሌቱ ነው። የእመቤቲቱ የመጀመሪያ ስሕተት ቅቤውን ለስላሳ እንደ ሆነ ብቻውን ማግባቷ ነበር። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ የቀለጠም ቅቤ ቀዳዳ ባገኘበት ሁሉ ይወጣል። አይብ ግን ቢሞቅ እንደ ቅቤ አይፈስስም፤ ቅቤውንም በውስጡ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ አይቡን፥ ጎመኑን፥ ቅቤውንና ዳጣውን በአንድነት ለውሶ፥ በአራት ሞላላ እንክብል ከፍሎ፥ እስኪጠነክር ድረስ ማቀዝቀዝ ያሻል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሳሕኑን ክዳን አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ገበታ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። አይቡና ጎመኑ በደንብ ካልተጨመቁ ግን ውሃቸው በእሳት ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ ስለ ሥጋው አጠባ አንድ ነገር እናሳስባለን። ዶሮን ደጋግሞ በሎሚና በጨው ማጠብ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ በቤት የታረደች ዶሮም ከላባው ቅሬታና ከደሙ መጽዳት አለባት። ነገር ግን በጥሬ የዶሮ ሥጋ ላይ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ፥ ሆድን የሚያውኩ ረቂቅ ተሐዋስያን ሊገኙ ይችላሉ፤ እነዚህንም የሚገድላቸው እሳት እንጂ ሎሚ አይደለም። ከፍ ካለ ቦታ በሚወርድ ውሃ ሥጋውን ሲያጥቡ የሚፈናጠቀው ጠብታ፥ ተሐዋስያኑን በጎን ወዳለው ዳቦና ሰላጣ ያደርሳል። ስለዚህ አጠባው በገበታ ውስጥ፥ በቀስታ፥ ከሌላው ምግብ ርቆ ይሁን፤ ውሃውም ራቅ ብሎ ይደፋ፤ እጅ፥ ቢላዋና መክተፊያ ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ። የደረቱ ሥጋ ከሎሚው ጋር ብዙ መቆየት የለበትም፤ ኮምጣጣው ላዩን ያጠነክረዋልና። በመጨረሻም በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፈጽሞ ይድረቅ፤ እርጥብ ሥጋ ዱቄት አይዝም።

ለዚህ ምግብ የሚመረጠው ያላረጀ ዶሮ ነው። ያረጀ አውራ ዶሮ ረጅም ጊዜ ለሚንተከተክ ወጥ እንጂ ለፈጣን ጥብስ አይሆንም። ደረቱን ከፍርምባው አጥንት በቢላዋ ጫፍ ቀስ በቀስ አላቅቆ፥ ቆዳውን ገፍፎ፥ ከወፍራሙ ጎን በኩል ጀምሮ እንደ መጽሐፍ መክፈት ነው፤ በስተ ማዶ ግን አንድ ጣት ያህል ሳይቈረጥ ይቅር። ከዚያም በንጹሕ ላስቲክ መካከል አስቀምጦ፥ ውፍረቱ የግማሽ ጣት ያህል እስኪሆን በዘነዘና ቀለል አድርጎ መምታት ይገባል። በኃይል የመታ ሰው ሥጋውን ይቀድደዋል፤ የተቀደደም ሥጋ ሙሌት አይዝም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ፥ አንዱን እንክብል በመካከል አኑሮ፥ ጎንና ጎኑን አጥፎ፥ መጋጠሚያውን በንጹሕ ስንጥር መስፋት ነው። ስንጥሩ ስንት እንደ ሆነ ቍጥሩን መያዝ አይዘንጋ፤ ሥጋው ሲቀርብ አንድም ሳይቀር መውጣት አለበትና።

ሽፋኑ ሦስት ልብስ አለው። ዱቄቱ የሥጋውን ወዝ ይጠጣል፤ የተመታው እንቁላል እንደ ማጣበቂያ ይሆናል፤ ፍርፋሪው ደግሞ በዘይት ጠንክሮ የውስጡን ወዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ተራው አይለወጥ፤ በመጀመሪያ ዱቄት፥ በሁለተኛ እንቁላል፥ በሦስተኛ ፍርፋሪ። በመጋጠሚያው በኩል ግን እንቁላሉንና ፍርፋሪውን ሁለተኛ ጊዜ መድገም ይበጃል፤ ቅቤ የሚሾልከው በዚያ ነውና። ከተሸፈነ በኋላ ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ቦታ ይረፍ፤ ነገር ግን ጥሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። የእመቤቲቱ ሁለተኛ ስሕተት በሚንቦገቦግ እሳት መጥበሷ ነበር። የፍርፋሪ ልብስ ፈጥኖ ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ግን ሙሌቱን አልፎ ወደ መካከል እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው ፍሙ ዐመድ ሲለብስ ይጀምር፤ ቢበዛም ከፊሉን ወደ ጎን ያውጣው። ዘይቱን ለመፈተን ጥቂት ፍርፋሪ ጣል ማድረግ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ ዘይቱ እጅግ ግሏል፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ገና ነው፤ እየተፍለቀለቀ በአንድ ደቂቃ ያህል ወርቅማ ከሆነ ግን መልካም ነው። ሥጋውን መጋጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ሁለት ሁለቱን ማግባት ነው፤ አራቱን በአንድ ጊዜ ቢያገቡት ዘይቱ ይቀዘቅዝና ፍርፋሪው ይጠጣዋል። በየጎኑ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ከጠበሱ በኋላ፥ ዘይቱን አንጠፍጥፎ በሌላ ደረቅ ድስት ውስጥ፥ ክዳን አድርጎ፥ በለዘብተኛ ፍም ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ይገባል። የዳቦ ምድጃ ያለው ሰው ላዩን ብቻ ጠብሶ፥ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያግባው።

የመብሰሉ ምስክር የላዩ መልክ አይደለም። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ጫፉን እስከ ሙሌቱ አግብቶ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት። መለኪያ ከሌለ፥ ከአንዱ ወፍራም ስፍራ ላይ ቈርጦ ማየት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጥ ነጭ፥ ወዙም ጥርት ያለ ይሁን፤ ቅላት ቢታይበት ያለ ሐፍረት ወደ ድስቱ መመለስ ይገባል። ስለ እንግዳ መቸኮል ብሎ ያልበሰለ ዶሮ ማቅረብ እንግዳውን መጉዳት ነው።

በሻንቶ በዚያ ምሽት የሆነው እንዲህ ነው። ከአራቱ አንዱ በመጋጠሚያው በኩል ጥቂት ቅቤ አፈሰሰ፤ እርሱንም እኛ የሰፋነው ነበርና ዝም አልን። ሦስቱ ግን ደኅና ሆነው ወጡ። አምስት ደቂቃ ካረፉና ስንጥሩ ከወጣላቸው በኋላ፥ እመቤቲቱ እያንዳንዱን በአግድም በአራት ቈረጠችው፤ 16 ቁራሽ ስለ ሆነ፥ ለስምንታችን ሁለት ሁለት ደረሰን። አያቲቱ ዳጣውን ቀምሰው «ይኸስ የእኛው ነው» አሉ፤ በቆጮም በሉት። ልጆቹ በተቀቀለ ስኳር ድንች በልተው ሳሕናቸውን ባዶ አደረጉ። ባለቤቱም ስለ ቀድሞዋ የከሰለች ዶሮ አንድም ቃል ሳይናገር፥ ሁለተኛውን ቁራሹን ፈጽሞ «ደግሞ መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ። እመቤቲቱም ቀና ብላ አየችውና «ሳቅህን ስትጨርስ» አለችው።

የሆነ ሆኖ፥ የበዓልን ዶሮ እንዲነኩ እመቤቶችን አንመክርም። ለፋሲካና ለመስቀል የምትታረደው ዶሮ 12 ብልቷ ሳይጎድል በድስቷ ትቅረብ፤ ክብሯ በዚያ ነው። ይህ ምግብ የሚስማማው ጾም ባልሆነ ተራ ቀን፥ ቤተ ሰብ ብቻውን በሚቀመጥበት ወይም ወዳጅ ያለ ሥርዐት በሚመጣበት ጊዜ ነው። የቀሩት ብልቶች በማግሥቱ ወጥ ሲሆኑም፥ እመቤቲቱ ለቤተ ሰቡ «ደረቱ ትናንት ተበልቷል» ብላ አስቀድማ ትናገር፤ ያን ጊዜ ነውር አይሆንም። ቆጣሪ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ ዶሮ ማሳረድ ሳይሻል አይቀርም።