ሌጦ የተገጠመበት ሹራብ

የቆሎ ተማሪ የሚለብሰውን ደበሎ አስቡት። ጠጉሩ ሳይነሳ የተለፋ የበግ ሌጦ ነው፤ ነፋሱን ይመክታል፣ ካፊያውን ይችላል፣ ሌሊትም ይነጠፋል ይደረባል። ጥጥ ይህን ሁሉ አይችልም። በምትኩ ላብ ይመጥጣል፣ ከሰውነት ጋር ይተጣጠፋል፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ክርኑ፣ ትከሻውና የኪሱ አፍ በስስ ሌጦ የተለበጠ የጥጥ ሹራብ የሁለቱን ጸጋ በአንድ ልብስ ያገናኛል፤ ለመስፋትም ቤትና ትዕግሥት ይበቃዋል።

ለምሳሌ ይፋግ ለዚህ ሥራ እንግዳ ልትሆን አትችልም። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም የምትገኘው ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። የፎገራ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ጎረቤቷ ነው። በሐይቁ ደሴቶች፣ በክብራንና በዳጋ ገዳማት የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት ገበታቸው እንጨት፣ ልባሳቸው ቆዳ ነው። ቆዳን ከሌላ ነገር ጋር ማዋደድ በዚህ አካባቢ የቆየ እጅ አለው። ጨርቁም ቢሆን ሩቅ አይደለም፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ስለ ሌጦው አንድ ነገር ልጨምር። ሱፍ የሚያበቅል በግ ሌጦው ላላ ይላል። እንደ ጎጃሙ ዋሸራ ያለ ባለ አጭር ጠጉር በግ ግን ሌጦው ስስ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የኢትዮጵያ በግ ሌጦ በውጭ አገር የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተወደደውም ለዚሁ ነው። ለክርን የሚሆን ቁራጭ ካረጀ የሳልባጅ የቆዳ ጃኬት ላይም ይገኛል።

ችግሩ የሁለቱ ጠባይ አለመግጠሙ ነው። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ሹራብ ግን ክር ራሱን እያቆላለፈ የሚሠራው የቀለበት ሰንሰለት ነው። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሹል መርፌ አንዷን ቀለበት ከበጠሰ ይተረተራል፤ ስለዚህ ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ክሩን ገፋ አድርጎ የሚያልፍ መርፌ ይሻላል። ቆዳ ደግሞ ካልተበሳ አያሳልፍም፤ የተበሳውም አይደፈንም። ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ ሌጦ ላይ ግን ቀዳዳው ልብሱ እስኪያልቅ አብሮ ይኖራል።

እኔ የማምነው በጥንቱ መንገድ ነው። ሌጦውን ብቻውን ዙሪያውን በወስፌ መብሳት፣ ከዚያ በዱልዱሙ መርፌና ሰም በተቀባ ክር ሹራቡ ላይ በእጅ መስፋት። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይተው፤ ከተጠጋጋ ሌጦው መስመሩን ተከትሎ ይቀደዳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ በዛፍ ልጥ የተለፋ ቆዳ የጥጥ ክርን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከሹራቡ ውስጥ በኩል፣ በሌጦው ልክ የተቆረጠ ስስ አቡጀዲ ከተደረበ ጨርቁ በቆዳው ክብደት አይረግብም። አንገቱና ወገቡ ላይ ግን ሌጦ አይገጠምም፤ እዚያ ሹራቡ መለጠጥ አለበት፣ አለበለዚያ ጭንቅላትም አያስገባም።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ጥጥ ይሰበሰባል። የክርኑን ቦታ ለማወቅ ልብሱን በስፒል አያይዞ መልበስ፣ ክንድን ማጠፍ፣ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ሌጦው የሚሰፋው እጅጌው ገና ዝርግ ሳለ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ እጅ አይገባም። የቀረውን ማያያዝ የእግር ስፌት መኪና ይጨርሰዋል። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ ከሆነም ጨርቁን በስሱ ወጠር እያደረጉ መስፋት ነው፤ ያኔ ልብሱ ሲለጠጥ ክሩ አይበጠስም።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእጅ፤ ሲሰጣ በጥላ። ሌጦው ደርቆ ሲጠነክር፣ ፋቂ ቆዳውን እንደሚያለፋው ሁሉ በመዳፍ አሸት አሸት ይደረጋል፤ ቀስ እያለ ይለሰልሳል።