ስለ ኦዞን መኪና፤ ክፉ ሽታን ከመጋዘንና ከቤት ለማስወገድ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚሠራበት

መጋዘን ያለው ሰው ሁሉ የሽታን ጕዳት ያውቃል። ጥሬ ቆዳ የከረመበት ቤት ቆዳው ከወጣ በኋላም ብዙ ወራት ይሸታል። በዚያ ቤት ቡና ቢከተትበት ቡናው ሽታውን ስቦ ይይዛል፤ ገዢውም በቀመሰው ጊዜ ዋጋውን ይሰብራል። እንዲሁም ቃጠሎ የደረሰበት መዝገብ ቤት፥ ጎርፍ የገባበት የእንግዳ ማረፊያ፥ ዐይጥ የሞተበት ግምጃ ቤት ታጥቦና ተጠርጎ እንኳ ሰው የሚቀመጥበት ሳይሆን ይቀራል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ የኦዞን መኪና የሚባል መሣሪያ በገበያ ይሸጣል። መሣሪያው በአገባቡ ለሚሠራበት ሰው ይጠቅማል፤ ያለ አገባቡ ለሚሠራበት ግን ገንዘቡን ያባክናል፥ የሠራተኛውንም ሳንባ ያቈስላል። ስለዚህ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች ገንዘብ ከማውጣታቸውና ሠራተኛ ከማዘዛቸው አስቀድሞ ነገሩን እንዲያውቁት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

፩ኛ። ኦዞን ምን እንደ ሆነ

ከምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክሲጅን ነው። ኦክሲጅን ሁለት ሁለት ሆነው ከተጣመሩ አቶሞች የተሠራ ነው። ኦዞንም የዚሁ የኦክሲጅን ወገን ሲሆን ሦስት አቶሞች የተጣመሩበት ነው። ሦስተኛው አቶም ግን ከሁለቱ ጋራ ጸንቶ አይቀመጥም፤ ከእነርሱ ተለይቶ ከሚገጥመው ነገር ጋራ ለመጣመር ይቸኵላል። የኦዞን ኀይሉም አደጋውም ከዚህ የሚመጣ ነው።

መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ የሚሸተው ስል የሆነ ሽታ አንዳንድ ጊዜ የኦዞን ሽታ ነው። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሾንባይን የተባለው ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ይህ ሽታ ራሱን ከቻለ ነገር የሚመጣ መሆኑን አስታወቀ፤ በጽርእ ቋንቋም መሽተት ከሚለው ቃል አውጥቶ ኦዞን ብሎ ሰየመው። በ1857 ደግሞ ጀርመናዊው ቬርነር ፎን ዚመንስ ኦዞንን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስታወት ቧንቧ አወጣ። ዛሬ የሚሸጡት መኪናዎች አብዛኞቹ በዚያው ሥርዐት የተሠሩ ናቸው። በ1906 የፈረንሳይ ከተማ የሆነችው ኒስ የመጠጥ ውኃዋን በኦዞን ማጥራት ጀመረች።

፪ኛ። ሊያደርግ የሚችለውና የማይችለው

በአገራችን ቤት ሲሸት ወይራና እጣን ማጠን፥ ጠጅ ሣር መጐዝጐዝ የቈየ ልማድ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥሩው ሽታ ክፉውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ኦዞን የሚለየው በዚህ ነው፤ ሽታውን የሚያመጡትን ረቂቅ ነገሮች አግኝቶ ይሰባብራቸዋል፥ ይለውጣቸዋልም።

ይሁን እንጂ በሁሉ ላይ እኩል አይሠራም። በትምባሆና በቃጠሎ ጢስ ሽታ ላይ፥ እንደ ገማ እንቍላል በሚሸቱ የድኝ ወገኖችም ላይ ይበረታል። ከከብት ሽንት በሚወጣው በአሞንያ ላይ ግን እጅግ የዘገየ ነው፤ ስለዚህ በረትን በኦዞን ለማጽዳት መድከም ትርፍ የለውም። ሻጋታ በእንጨትና በግድግዳ ውስጥ ሥር ከሰደደ ኦዞን ከላይ ብቻ ይነካዋል፤ እርጥበቱ ካልደረቀ ሻጋታው ተመልሶ ይበቅላል። ደግሞም ኦዞን ከምንጣፍና ከቀለም፥ ሽቱ ካለበት የወለል ማጽጃም ጋራ ሲገናኝ ፎርማልዴኃይድን የመሰለ ሌላ ጎጂ ነገር ሊያወጣ ይችላል። አንዱን ሽታ አስወግዶ ሌላ ጕዳት ማምጣት ማለት ይህ ነው።

፫ኛ። ከመኪናው በፊት የሚሠራ ሥራ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የሽታም ነገር እንዲሁ ነው። ምንጩ ሳይወጣ ኦዞን መልቀቅ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በአንድ መጋዘን ያየው ነገር ይህን ያስረዳል። የመጋዘኑ ኀላፊ ስለ ክፉ ሽታ መኪና አስገዝቶ ሦስት ሌሊት አሠራ። ሽታው በየጧቱ የጠፋ ይመስልና በሳምንቱ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ የወለሉ ሳንቃ ሲነሣ ጣራው በሚያፈስበት አንጻር የበሰበሰ የቆዳ ቍራጭና የሞቱ ዐይጦች ተገኙ። ይህ ወጥቶ ወለሉ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ሽታው ያለ መኪና አብዛኛውን ተወ። ከገንዘቡ ኪሳራ የባሰ ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ማንም ምንም ያልነገረው ዘበኛ በሁለተኛው ሌሊት ከብርዱ ለመጠለል ወደ መጋዘኑ ገብቶ ተኝቶ ነበርና ደረቱን እያመመው ብዙ ቀን ሲያስል ሰነበተ። ዘበኛው ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ ሳያስጠነቅቅ ያዘዘው ሰው ነበር።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚበሰብሰው ነገር ሁሉ ይውጣ፤ ጣራና ቦይ ይጠገን፤ ወለልና ግድግዳ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ መስኮትና በር ተከፍቶ ቤቱ በነፋስና በፀሐይ ይድረቅ። ጥላሸት የያዘ ግድግዳ ተፍቆ ኖራ ይቀባ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታ ከቀረ ያን ጊዜ የኦዞን መኪና ተገቢ ነው።

፬ኛ። መኪናው እንዴት እንደሚመረጥ

ሁለት ዐይነት መኪና አለ። አንደኛው በመስታወት ወይም በሸክላ ገበታ ላይ ኀይለኛ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ አየሩን ወደ ኦዞን የሚለውጥ ነው። ብዙ ኦዞን ያወጣልና ለመጋዘን የሚሆን እርሱ ነው። ነገር ግን እርጥብ አየር ሲገባበት ኦዞኑ ያንሳል፥ ከአየሩም ናይትሮጅን የሚያቃጥል አሲድ ይፈጠርና ገበታውን ይበላዋል። ስለዚህ በክረምት ከመሥራት በበጋ ደረቅ ቀን መሥራት ይሻላል፤ ገበታውም በቀላሉ ወጥቶ የሚጸዳና የሚለወጥ መሆን አለበት። ሁለተኛው አልትራቫዮሌት በሚባል ለዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ መብራት ነው። እርሱ የሚያወጣው ኦዞን ጥቂት ስለ ሆነ ለትንሽ ክፍል እንጂ ለመጋዘን አይበቃም።

የመኪናው ኀይል በሰዓት በሚያወጣው ግራም ይነገራል። አንዳንድ ሻጭ ቍጥሩ ትልቅ እንዲመስል በሚሊ ግራም ይጽፈዋል፤ ስለዚህ 10,000 ሚሊ ግራም የሚል ባየን ጊዜ 10 ግራም ብቻ መሆኑን እናስተውል። ደግሞ ቍጥሩ የተለካው በተራ አየር ነው ወይስ በንጹሕ ኦክሲጅን ተብሎ ይጠየቅ፤ በኦክሲጅን የተለካ መኪና በተራ አየር ሲሠራ እጅግ ያነሰ ይሰጣል። በደጋ አገርም አየሩ የሳሳ ነው፤ በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነውና በቈላ የተለካው ግራም በደጋ ሊጐድል ይችላል።

የሚያስፈልገውን ግራም እንዲህ እናስላ። ርዝመቱ 10፥ ወርዱ 6፥ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ ባዶ መጋዘን 240 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ1 ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 5 እጅ ኦዞን እንዲኖር ከፈለግን ለአንድ ሜትር ኩብ 10 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ለ240ው ሜትር ኩብ 2,400 ሚሊ ግራም ወይም 2 ግራም ከ400 ሚሊ ግራም ይሆናል። ነገር ግን ኦዞን እየተሠራ ሳለ እየጠፋ ይሄዳል። በየግማሽ ሰዓቱ እኩሌታው የሚጠፋ ቢሆን ልኩን ጠብቆ ለማቈየት መኪናው በሰዓት 3 ግራም ተኩል ያህል ማውጣት አለበት። ግድግዳውና ሽታው ራሱ የሚበላው ስላለ በሰዓት 5 ግራም የሚያወጣ መኪና ለዚህ መጋዘን ይበቃል። ከዚህ ብዙ እጅ የሚበልጥ መግዛት ብልኅነት አይደለም፤ የተረፈው ኦዞን ዕቃ ያበላሻልና።

ከዚህ በቀር መኪናው በተወሰነ ሰዓት ራሱን የሚያጠፋ መቈጣጠሪያና ኦዞኑን የሚበትን ማራገቢያ ይኑረው። ከመኪናው ጋራ የኦዞን መለኪያ ይገዛ። መለኪያ ሳይገዛ መኪናውን ብቻ መግዛት ሚዛን ሳይኖር መርዝን እንደ ማደል ነው።

፭ኛ። ስለ አደጋውና ስለ ልኩ

በአሜሪካ አገር ለሠራተኛ የተወሰነው ሕግ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ በአማካይ በ10 ሚሊዮን እጅ አየር ከ1 እጅ ኦዞን እንዳይበልጥ ያዝዛል። በ1 ሚሊዮን እጅ 5 እጅ የደረሰ እንደ ሆነ ግን በዚያው አገር የሠራተኛ ጤና መሥሪያ ቤት ወዲያው ለሕይወት የሚያሰጋ ብሎ መዝግቦታል። እንግዲህ ከላይ በስሌታችን ያየነው መጠን ለሰው ከተፈቀደው 50 እጥፍ ነው። ሽታን የሚያስወግደው መጠንና ሰው የሚተነፍሰው መጠን አንድ ላይ አይሆኑም። ስለዚህ ሰው በተቀመጠበት ክፍል አየሩን እያጠራ ይኖራል ተብሎ የሚሸጥ የኦዞን መኪና አይታመን፤ ለሰው በሚስማማው ልክ ቢሠራ ሽታን አያስወግድም፥ ሽታን በሚያስወግደው ልክ ቢሠራ ሰውን ይጐዳል። የካሊፎርንያ መንግሥትም ከ2010 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ጀምሮ ከ1 ሚሊዮን እጅ 0.05 እጅ በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጥሪያ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ኦዞን የተነፈሰ ሰው ጕረሮው ይከረክረዋል፥ ያስለዋል፥ ደረቱን ይወጋዋል፥ ትንፋሹም ያጥረዋል። አስም ያለበት ሰው ይብስበታል። ብዙ የተነፈሰ ሰው ጕዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊጸናበት ይችላልና ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሽታውን ስላላወቅሁት የለም ማለት አይገባም፤ አፍንጫ ወዲያው ይለምደዋል። አፍን በጨርቅ ወይም በተራ የአቧራ መከላከያ መሸፈንም ኦዞንን አያግድም።

፮ኛ። የአሠራሩ ሥርዐት

ሰው፥ ከብት፥ ዶሮና ተክል ሁሉ ከቤቱ ይውጣ። ቡና፥ ቅቤ፥ ዘይትና ሌላውም የሚበላ ነገር አይቅር፤ ኦዞን ቅባትን ቶሎ ያበላሻልና። ጎማና የጎማ ሽፋን ያለው ሽቦ ይሰነጠቃል፥ ቀለም ያለው ጨርቅም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ይህም ይውጣ። የመዝገብ ወረቀት ከቤቱ ይነሣ።

ኦዞን ከአየር ስለሚከብድ መኪናው ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ማራገቢያም ይጨመርለት። የበርና የመስኮት ቀዳዳ በላስቲክና በሚለጠፍ ፕላስተር ይዘጋ። ከጐረቤት ክፍል ጋራ የሚገናኝ ጣራ ካለ በዚያ ያሉት ሰዎችም ይውጡ። በየበሩ «መርዛም አየር አለ፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍ፥ በሩ ይቈለፍ፥ ቍልፉም በአንድ ኀላፊ እጅ ይሁን። ማንበብ የማይችሉም አሉና ለዘበኛውና ለጠራጊው ነገሩ በቃል ይነገራቸው።

መኪናው በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይሠራ፤ ሽታው ካልለቀቀ በሌላ ቀን ይደገም እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይተው። መኪናው ከቆመ በኋላ ኦዞኑ በየግማሽ ሰዓቱ እኩሌታው ቢጠፋ ከ5 እጅ ወደ 0.05 እጅ በታች ለመድረስ ሰባት ጊዜ መከፈል አለበት፤ ይህም 3 ሰዓት ተኩል ነው። ከተቻለ መስኮቱ ከውጭ ይከፈት፤ የሚገባው ሰውም መለኪያው ልኩ መውረዱን ሳያሳይ አይግባ።

፯ኛ። ከቶ የማይሠራበት ቦታ

ቤንዚን ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚነድ ነገር ባለበት ቤት መኪናው አይከፈት፤ ብልጭታው እሳት ያስነሣልና። የተባይ መድኀኒት በፈሰሰበት መጋዘንም ኦዞን አይለቀቅ። ማላታዮን የሚባለው የነቀዝ መድኀኒት በኦዞን ተነክቶ ማላኦክሶን ወደሚባል ከእርሱ ይልቅ መርዛም ወደሆነ ነገር ሊለወጥ ይችላል። እህል በመድኀኒት ክኒን ከታጠነ በኋላ እንደ ነጭ ሽንኵርት ያለ ሽታ ቢሸት ያ ሽታ የሞት ማስጠንቀቂያ ነውና ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ሽታውን ለማጥፋት መሞከር ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነው። እንደዚሁም የሻገተ እህል በኦዞን ሽታውን ቢያጣ ለመብል ደኅና ሆነ ማለት አይደለም፤ የሻጋታው መርዝ በውስጡ ሊቀር ይችላልና ለገበያ ማውጣት ሕዝብን ማታለል ነው።

እንግዲህ የኦዞን መኪና ጠቃሚ አገልጋይ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያ መድኀኒት ሳይሆን የመጨረሻ ነው። መጥረጊያ፥ ውኃ፥ ኖራ፥ ነፋስና ፀሐይ ከእርሱ ይቀድማሉ፥ ዋጋቸውም ጥቂት ነው። በየስፍራው ያላችሁ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች የመኪና መግዣ በተጠየቃችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የሽታው ምንጭ ተገኝቶ ወጥቷልን? ከመኪናው ጋራ መለኪያ ይገዛልን? በዚያች ሌሊት ቍልፉን የሚይዘውና ለዘበኛው የሚነግረው ሰው ማን ነው? ለሦስቱም ጥያቄ የታወቀ መልስ እስኪገኝ ድረስ ገንዘቡም ይቈይ፥ መኪናውም አይከፈት።