ከመርካቶ ዕቃ አውሮፕላን ይሠራል ወይ?

ሶማሌ ተራ የመኪና ሞተር አለ። ምናለሽ ተራ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚቀጠቅጥና የሚበይድ እጅ ሞልቷል። ሸራውም ጎማውም የየራሱ ተራ አለው። ይህን ሁሉ እያየ ያደገ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ልጅ አንድ ቀን "አውሮፕላንስ ቢሠራበት?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በብዙ አገር ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው፣ በትርፍ ሰዓታቸው፣ በጓሯቸው አውሮፕላን ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ያቋቋሙት ማኅበር ዛሬም አለ።

አጭሩ መልስ ይኸውልዎ፦ መሥራቱ ይቻላል። ትልቁ ወጪም ትልቁ ፈተናም የሚመጣው ግን ቦዲው ካለቀ በኋላ ነው።

በእኛ አገር የሞከረው አለ ወይ? አለ፤ ሁለት ምሳሌ ልስጥዎ። የመጀመሪያዋ "ፀሐይ" ናት። ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን ስትሆን ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. መሆኑን ያስታውሱ፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው ከተማዋ የራሷን የሠራችው። ከወራት በኋላ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ "ፀሐይ"ም ተማረከችና ሮም አጠገብ ባለ ሙዚየም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየች። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ለእኛ ነገር ይበልጥ ይቀርባል። አስመላሽ ዘፈሩ አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመትህ በ1 ሴንቲ ሜትር አነሰ የተባለ ሰው ነው። ተስፋ አልቆረጠም። መጽሐፍ እያነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ ራሱን አስተማረና አውሮፕላን ሠራ። ስሟን "ኬ-570ኤ" አላት፤ "ኬ" ከእናቱ ከኪሮስ ስም የመጣ ሲሆን 570 ደግሞ ሥራው የወሰደው ቀን ነው። ጎማዎቹ ከአሮጌ ሱዙኪ ሞተር ሳይክል፣ ሞተሩ ከቮልስ የተገኙ ናቸው። ያወጣው ገንዘብ ወደ 160 ሺህ ብር ደረሰ። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለማብረር ሲሞክር የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ተሰበረበት። ፕሮፔለር ማለት አፍንጫው ላይ እየተሽከረከረ አየሩን ወደ ኋላ የሚገፋው መቅዘፊያ ነው።

ለምን የቮልስ ሞተር? ብዙ የቤት ውስጥ ሠሪዎች የሚመርጡት እሱን ስለሆነ ነው። የድሮዋ ቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተርም ውኃም አይፈልግም፤ ስለዚህ ክብደቱ ይቀንሳል። ዙሩም ለፕሮፔለር ይስማማል። የብዙ መኪና ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በጣም ሲፈጥን ስለሆነ ለፕሮፔለር ዙሩን የሚቀንስ ማርሽ መጨመር ያስፈልጋል። ቮልስ ግን ያለ ማርሽ በቀጥታ ሊታሰር ይችላል።

ችግሩም እዚያው ነው። የመኪና ክራንክ፣ ማለትም በፒስተኖቹ ግፊት የሚዞረው ዘንግ፣ የተሠራው ፍሪሲዮን ለማዞር ነው። ጫፉ ላይ ረጅም ፕሮፔለር ሲታሰር ሌላ ዓይነት ሸክም ይመጣበታል፦ ንዝረት፣ ጉተታ፣ አውሮፕላኑ በታጠፈ ቁጥር የሚፈጠር ጥምዘዛ። ማሰሪያው የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። በውጭ አገር ቮልስን ለአውሮፕላን የሚቀይሩ ባለሙያዎች ለክራንኩና ለማሰሪያው ለብቻ ወጪ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይመጣል፤ የከተማችን ከፍታ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ይህ አውሮፕላኑን በሦስት በኩል ይጎዳዋል።

ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ ወደ 30 ቢሰጥ ነው። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ቀጭን ነው። ክንፉ ደግሞ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሳ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ 78 ገደማ ያስፈልገዋል። ጉልበት ቀንሶ ፍጥነት ሲጨመር መንደርደሪያው በጣም ይረዝማል። ከውጭ የተገኘን ፕላን፣ ማለትም የሥራ ንድፍ፣ እንዳለ ገልብጦ እዚህ መሥራት ትርፉ ድካም ነው የምለው ለዚህ ነው። ወይ ሞተሩ መጠንከር፣ ወይ ክንፉ መስፋት፣ ወይ ሁሉም መቅለል አለበት። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ ሙቀቷ ከዚህ ጥቅም ትንሽ ቢበላባትም ለደካማ ሞተር የምትሻለው እሷ ናት።

ታዲያ ከመርካቶ የሚገዛው የትኛው ነው? ከሚያስቡት በላይ ብዙ ነው፤ ግን ምርጫ ይጠይቃል። ቱቦላሬና ላሜራ ሞልቷል፤ ለወንበሩ፣ ለእግሩ፣ ለመሞከሪያ ማቆሚያው ይሆናል። የተለመደው ቱቦላሬ ለዋናው ቦዲ ግን ከባድ ነው። ኮምፔንሳቶ ከገዙ ዳሩን ይዩት፦ ንብርብሮቹ መሐል ክፍተት ካለ፣ ወይም ቁራጩ ውኃ ውስጥ ሲያድር ከተላቀቀ፣ ለክንፍ አይሆንም። ሸራ ተራ ያለው የድንኳን ሸራ ይከብዳል፤ ለክንፍ የሚፈለገው ቀጭን ፖሊስተር ጨርቅ ሲሆን ተወጥሮ በልዩ ቀለም ይጠነክራል።

ቀርከሃን አይናቁ። ብራዚላዊው ሳንቶስ ዱሞንት ከመቶ ዓመት በፊት የሠራት "ደምዋዜል" የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አካሏ የቆመው በቀርከሃ ነበር። ንድፏንም ማንም እንዲሠራት በነፃ ለቅቆታል።

ቡሎን ላይ ግን ቆጣቢ አይሁኑ። ጥሩ ቡሎን ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የጥንካሬው ደረጃ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን፣ ወይም ከሌላ ማሽን ላይ የተፈታ ያገለገለ ቡሎን ክንፍ ማሰሪያ ላይ አያድርጉ። ዳዶውም በንዝረት እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰራል። ቶርኖ ቤት ሄደው የሚያስቀርጹትንም ዕቃ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀበሉ። ፍርስራሽ ብረት ለበር ጥሩ ነው፤ ለፕሮፔለር ማሰሪያ ግን አይታመንም።

ሠርቼ ከጨረስኩ መርካቶ ላይ ባበረውስ? በፍጹም። በሕጉ ማንኛውም አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተመዝግቦ የበረራ ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ይህ ማለት ለመብረር ደህና መሆኑ በባለሙያ ተመርምሮ የሚሰጥ ወረቀት ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ሁሉ ጎናቸው ላይ "ኢቲ" የሚል ምልክት የሚይዙት ከዚህ ምዝገባ ነው። የከተማው ሰማይም የቦሌ አውሮፕላኖች መግቢያና መውጫ ነው። ድሮንም ቢሆን ያለ ፈቃድ ማስገባትና ማብረር ክልክል ነው፤ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ካሰቡ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ጉምሩክ ከያዘው በኋላ ከሚሮጡ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ወረቀቱ ለአውሮፕላኑ ብቻ አይደለም፤ ለአብራሪውም አለ። በዓለም አቀፉ ደረጃ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜ ቢያንስ 17 መሙላት፣ የሐኪም ምርመራ ማለፍና በተለምዶ 40 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። የግል ፈቃድ ማለት ለደስታ እንጂ በክፍያ ማብረር የማያስችል ነው።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። የአስመላሽ 160 ሺህ ብር በጊዜው ምንዛሪ 7,700 ዶላር ገደማ ነበር። ያው ዶላር ዛሬ በባንክ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ያም በአሮጌ ሞተርና በራስ ጉልበት ሲሠራ ነው። ለቀላል አውሮፕላን ተብሎ የተሠራ አዲስ ሮታክስ 912 ሞተር ለብቻው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። የበረራ ሰዓቱም አለ፦ ለማስተማሪያ የተለመደችው ሴስና 172 በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ነዳጅ ትጠጣለች። 40 ሰዓት ማለት ወደ 1,200 ሊትር ነው፤ የአስተማሪው፣ የጥገናውና የኢንሹራንሱ ሳይቆጠር። ነዳጁም የፒስተን ሞተር አውሮፕላን የሚጠቀምበት ልዩ ቤንዚን እንጂ ጄቶቹ የሚሞሉት አይደለም።

ለአንድ ሰው ኪስ ይህ አይቻልም። ለማኅበር ግን ሌላ ነው፤ በሌላውም ዓለም በትርፍ ጊዜ መብረር የቆየው በክበብ ነው። አሥር ሰው አንድ አውሮፕላን፣ አንድ መጋዘንና አንድ መካኒክ ይጋራል። መርካቶ እቁብን ማንም ሊያስተምራት አይችልም፤ ወርኃዊ መዋጮ፣ ሰብሳቢና ደንብ ያለው ነገር እዚህ አዲስ አይደለም። ክበቡ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ከፈለጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ሕጉ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ይጠይቃል። ለጅምር ግን የትምህርት ቤት ክበብ ወይም የወረዳው የወጣት ማዕከል ይበቃል።

ታዲያ ነገ ከምን ልጀምር? ሞተር ከሌላት፣ በእጅ ከምትወረወር ግላይደር ይጀምሩ። ግላይደር ማለት ያለ ሞተር በአየር ላይ ተንሸራታ የምትወርድ ናት። ከፎም ወይም ከቀጭን ኮምፔንሳቶ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ክንፍ ይቁረጡ፤ ቦዲውን ከቀርከሃ ስንጥር፣ ጅራቱን ከዚያው ከፎሙ ያድርጉ። ከዚያ ሁለት ጣትዎን ከክንፉ ሥር፣ ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ የስፋቱ ሩብ ላይ አድርገው ያንሷት። ጅራቷ ከወደቀ አፍንጫዋ ላይ ጭቃ ወይም ሳንቲም ይለጥፉ፤ አግድም ሚዛኗን እስክትጠብቅ ድረስ ይጨምሩ። ይህ ሚዛን ነው፤ ትልቁ አውሮፕላንም የሚመዘነው በዚሁ ሕግ ነው።

ሲወረውሯት ቀና ብላ ቆማ ከተደፋች ጅራቷ ከብዷል ማለት ነው። በቀጥታ አፍንጫዋን ከተከለች ደግሞ ፊቷ ከብዷል። በጥቂት ሳንቲሞች የሚማሩት ይህ ነገር በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ነፍስ ያስከፍላል። ትንሽ ሠርቶ ያላበረረ ሰው ትልቅ እንዳይጀምር አጥብቄ እመክራለሁ።

ግላይደሯ እሺ ካለችዎ የቤት ኮምፒውተር ላይ በበረራ ማስመሰያ ይለማመዱ፤ ቀጥሎ የአንድ ሰዓት የሙከራ በረራ ከአስተማሪ ጋር ማድረግ ይቻል እንደሆነ የበረራ ትምህርት ቤቶችን ይጠይቁ። ወላጆችም ልጃችሁ ፎም ሲቆርጥ ቤቱን አቆሸሸው ብላችሁ አትቆጡ፤ ቢላዋው ላይ ብቻ ዓይናችሁን ጣሉ። አዲስ ከተማ ያላችሁ የፊዚክስ መምህራን ደግሞ አንድ ክፍልና የቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ስጡ፤ ዕቃው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው ያለው።