ተሰጥኦ በስድስት ዓመት ይለያልን?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉት ሰፈሮች፣ የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ወላጆች የስድስት ዓመት ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ለመግቢያ ፈተና ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ፊደል የለየውና ስሙን በእንግሊዝኛ የጻፈው “ጎበዝ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ደንግጦ ዝም ያለው ይመለሳል። ለብዙ ወላጅ የዚያች አጭር ፈተና ውጤት የልጁን ዕጣ የወሰነች ትመስለዋለች። ለመሆኑ በልጅነት ተመርጦ ከጎበዞች ጋር መማር ለኋለኛው የትምህርት ውጤት ምን ያህል ይጠቅማል?

ላይ ላዩን ሲታይ መልሱ ግልጽ ይመስላል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን በሙሉ ያሳለፉ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ተለቅሞ የገባ ቡና ጥሩ ሆኖ ቢወጣ ምስጋናው ለጆንያው አይሰጥም። የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከተማሪው ድርሻ መነጠል ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። መግቢያ ነጥቡ 85 ነው እንበል። 85 ያገኘው ይገባል፤ 84 ያገኘው ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥያቄ፣ ምናልባትም የዕድል ብቻ ነው። ስለዚህ በጠርዙ ግራና ቀኝ ያሉትን ከዓመታት በኋላ ማነጻጸር የትምህርት ቤቱን ውጤት ለብቻው ያሳያል። ኤድሪየን ሉካስና አይዛክ ምቢቲ በዚህ መንገድ የጎረቤታችንን የኬንያን ምርጥ ብሔራዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ መግባቱ በማጠናቀቂያ ፈተናው ላይ ያመጣው ጉልህ ለውጥ አላገኙም። በዚያው ዓመት በቦስተንና በኒው ዮርክ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ላይ የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። እርግጥ ዘዴው የሚናገረው በጠርዙ አካባቢ ስላሉት እንጂ እጅግ ከፍ ስላሉት አይደለም።

የተጠኑት ግን ታዳጊ ወጣቶች ናቸው። በስድስት ዓመት ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል፤ እርሱም የመለኪያው ጥራት ነው። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባ መገናኛ ጣቢያ እንደሆነ ይነገራል። የሬዲዮ መቀበያ ከመልእክቱ ጋር ሁካታውንም እንደሚቀበል ሁሉ፣ የሕፃን ፈተናም ከችሎታው ጋር ፍርሃቱን፣ እንቅልፉንና የቤቱን ኑሮ አብሮ ይመዘግባል። በስድስትና በአሥራ ስድስት ዓመት በሚሰጡ ሁለት ፈተናዎች መካከል ያለው ዝምድና 0.5፣ የነጥቦቹም ስርጭት እኩል ነው ብንል፣ በልጅነታቸው ከአማካይ 20 ነጥብ በላይ የነበሩት ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ በአማካይ 10 ነጥብ ብቻ ይበልጣሉ። ይህ የሰነፉ ምልክት ሳይሆን የስሌት ሕግ ነው።

የልደት ወርም አለ። በአንድ ክፍል የተቀመጡ የመስከረምና የነሐሴ ልጆች በ11 ወር ይለያያሉ። ይህ ልዩነት በሰባት ዓመት የዕድሜያቸው 13 በመቶ ሲሆን በአሥራ ሰባት ዓመት ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። መምህሩ ብልህ ያለው ልጅ አንዳንዴ ታላቅ ብቻ ነው።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 በጀመረው ጥናት ከ1,500 በላይ ልጆችን በአእምሮ ፈተና መርጦ ለአሥርት ዓመታት ተከታተለ። ብዙዎቹ ጥሩ ደረጃ ደረሱ። ነገር ግን ተፈትነው ነጥቡን ሳያሟሉ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙ ነበር፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት አንድም ተሸላሚ አልወጣም።

ታዲያ ልዩ ክፍል ከንቱ ነውን? አይደለም። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ በፍሎሪዳ አንድ ሰፊ የትምህርት ወረዳ ያጠኑት ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ወረዳው እ.ኤ.አ. በ2005 የወላጅንና የመምህርን ጥቆማ መጠበቅ ትቶ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ መመዘን ሲጀምር፣ ቀድሞ ማንም ያላያቸው በርካታ የድሃና የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆች ተገኙ። ከዚህም የሚገርመው፣ ለ“ባለ ተሰጥኦዎች” በተከፈተው የ4ኛ ክፍል ልዩ ክፍል ውስጥ የቀረው ቦታ በአምናው የትምህርት ውጤታቸው በተመረጡ ልጆች ሲሞላ፣ በንባብና በሒሳብ ጉልህ መሻሻል ያሳዩት እነዚህ፣ በተለይም ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች ነበሩ፤ በአእምሮ ፈተና ነጥብ የገቡት ግን ከቦታው ያገኙት የውጤት ጭማሪ አልታየም።

በመካኒሳ ወይም በጎፋ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ለመሞከር አዲስ የመግቢያ ፈተና አያስፈልግም። የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የዓመት ውጤት በሮስተሩ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ በግል ትምህርት ቤቱ በር ቆመው የማያውቁ ልጆች ስምም በዚያው ሮስተር ላይ ይገኛል።