ሞ ፋራህን በ0.26 ሰከንድ የቀደመው የባሌ ልጅ

ሞ ፋራህን በዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው ሯጭ ማን ነው? ብዙዎቻችሁ ቀነኒሳ በቀለ ትሉ ይሆናል። አይደለም። ኢብራሂም ጄይላን ይባላል፤ የባሌ ልጅ ነው።

በ17 ዓመቱ በሰዓቱ ዓለምን አስገረመ፣ በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ24 ዓመቱ ብር ወሰደ። ግን አንድም ኦሊምፒክ ላይ አልሮጠም። እንዴት? ዛሬ የምናየው ይህን ነው። ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሮቤና ጎባ ላይ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። (ዓ.ም. ከተባለው በስተቀር ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ17 ዓመት የተሮጠ ሰዓት

2006 ላይ ኢብራሂም ቤጂንግ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። በዚያው ወር ብራሰልስ ሄዶ ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ02.81 ሰከንድ ጨረሰ። ከ18 ዓመት በታች የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር።

ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን። ኢብራሂም ከዚያ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ እንጂ ይህን ሰዓቱን አላሻሻለውም። በ10,000 ሜትር የሕይወቱ ፈጣን ሰዓት በ17 ዓመቱ የሮጠው ነው።

2008 ላይ ደግሞ ኤድንብራ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በወጣቶች ምድብ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ነበር። ግን ኢትዮጵያ በ10,000 ሜትር ያሰለፈቻቸው እነማን ነበሩ? ቀነኒሳ በቀለ፣ ስለሺ ስህንና ኃይሌ ገብረሥላሴ። በዚያ ቡድን ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ልጅ የት ይገባል?

ጃፓን፦ ደሞዝ አለ፣ ስም የለም

ኢብራሂም ወደ ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ቡድን መሮጥ ጀመረ። አዎ፣ መኪናና ሞተር የሚሠራው ሆንዳ። ጃፓን ውስጥ ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸው የሩጫ ቡድን አላቸው። ሯጩ እንደ ሠራተኛ ደሞዝ ይከፈለዋል፤ ድርጅቱን ወክሎ በተለይ ኤኪደን በሚባለው የጎዳና ላይ ቅብብል ሩጫ ይወዳደራል። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩም የ2008 ኦሊምፒክ ማራቶንን ከማሸነፉ በፊት ያደገው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ባታሸንፍም ወር ሲሞላ ትከፈላለህ፤ አሠልጣኝና ማረፊያ አለህ። ችግሩ ደግሞ ከአገር ቤት ዓይን መራቅህ ነው። የአውሮፓ ትልልቅ ውድድሮች ላይ ካልታየህ ሰው ይረሳሃል። ኢብራሂምም 2011 ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ሲመጣ ከሩጫ ተከታታዮች ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

ዴጉ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም.

ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ። የሁሉም ዓይን ያለው ሁለት ሰው ላይ ነው፦ አራት ጊዜ ተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው ቀነኒሳ፣ እና በዚያ ዓመት በጥሩ አቋም ላይ የነበረው እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ። ቀነኒሳ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ ነበርና ሩጫውን ሳይጨርስ ወጣ። በቃ፣ ወርቁ የፋራህ ነው ተባለ።

ፋራህ የመጨረሻው ዙር ሳይደወል ፍጥነቱን ጨምሮ ክፍተት ፈጠረ። ኢብራሂም ግን ተስፋ አልቆረጠም። የመጨረሻው ዙር ወደ 53 ሰከንድ ገደማ የተሮጠ ነበር። ከዚያ በፊት ሩጫው በአማካይ በዙር 66 ሰከንድ ገደማ ነበር የሄደው፤ ልዩነቱን አስቡት። የመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ኢብራሂም ደረሰበት፣ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ አለፈው።

ኢብራሂም 27:13.81፣ ፋራህ 27:14.07። የ0.26 ሰከንድ ልዩነት ማለት በዚያ ፍጥነት ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ነሐሱን ኢማና መርጋ ወሰደ። ኢትዮጵያ ከዴጉ ይዛ የተመለሰችው ወርቅ ይህ አንድ ብቻ ነበር። የሽልማት ገንዘቡም ያኔ ለአንደኛ 60 ሺህ ዶላር፣ ለሁለተኛ 30 ሺህ ነበር። ሁለቱ ሜትሮች 30 ሺህ ዶላር ያወጡ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ቁጥር እንመለስ። ኢብራሂም የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ሰዓት በ17 ዓመቱ ከሮጠው በ11 ሰከንድ የዘገየ ነው። ሻምፒዮና ላይ አሯሯጭ የለም፤ ሁሉም እየተጠባበቀ ይሮጣል፤ የሚያሸንፈው መጨረሻ ላይ ጉልበት የተረፈው ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰዓት ያለው ሁሉ አሸናፊ አይሆንም፣ ሰዓቱን ያላሻሻለም ወደቀ ማለት አይደለም።

ለንደን ቀረ፣ ሞስኮ መጣ

ከሻምፒዮንነቱ አንድ ዓመት በኋላ የለንደን ኦሊምፒክ ነበር። ኢብራሂም በጉዳት ምክንያት አልነበረም። በ10,000 ሜትር ታሪኩ በቀለ፣ ቀነኒሳና ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም ሮጡ፤ ታሪኩ ነሐስ አገኘ። ወርቁን ፋራህ በአገሩ ሕዝብ ፊት ወሰደ።

ነሐሴ 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ፋራህ ከዴጉ ተምሯል፤ በዚህኛው የመጨረሻ ቀጥታ መስመር ላይ ጉልበት አስቀርቷል። ኢብራሂም ተጠጋው፣ ግን አላለፈውም። ፋራህ 27:21.71፣ ኢብራሂም 27:22.23። ልዩነቱ 0.52 ሰከንድ። ሁለቱን ፍጻሜዎች ስትደምሩ 20 ኪሎ ሜትር ሮጠው በሁለቱ ውድድር የተለያዩበት ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ኢብራሂምን 2015 ቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ላይም፣ 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይም በ10,000 ሜትር አላየነውም። ፋራህ ግን ከዴጉ ሽንፈቱ ቀናት በኋላ በ5,000 ሜትር ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ አሥር የዓለምና የኦሊምፒክ ወርቆችን በተከታታይ ሰበሰበ። ያ ጉዞ ለንደን 2017 ላይ በ5,000 ሜትር ሲቆም ያቆመውም ኢትዮጵያዊ ነው፦ ሙክታር እድሪስ። መጀመሪያውም መጨረሻውም ላይ የኛ ልጅ አለ።

ታዲያ ለምን እንዲህ ይሆናል?

አንደኛ፣ ቦታው ሦስት ነው። ኦሊምፒክ ላይ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት በላይ ማሰለፍ አይችልም። በዓለም ሻምፒዮና ያለፈው አሸናፊ ተጨማሪ ቦታ ያገኛል፤ ኦሊምፒክ ላይ ግን ያ የለም። ሚኒማ ያለው ሯጭ በብዛት ባለበት አገር የዓለም ሻምፒዮን መሆንህ ብቻውን ቲኬት አይቆርጥልህም። በምርጫው ወር ጤነኛና ፈጣን መሆን አለብህ።

ሁለተኛ፣ ጉዳት ቀጠሮ አይጠብቅም። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ ነው። ጉዳቱ በሌላ ዓመት ቢመጣ አንድ የውድድር ዘመን ታጣለህ፤ በኦሊምፒክ ዓመት ከመጣ ግን ከአንዱ ኦሊምፒክ እስከ ሌላው ስምንት ዓመት ትጠብቃለህ። ስምንት ዓመት ለአንድ ሯጭ የሙሉ ሥራ ዘመን ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ የ10,000 ሜትር ገበያ ጠባብ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየከተማው የሚዘጋጅ ርቀት አይደለም፤ ዳይመንድ ሊግ ላይም እምብዛም አይሮጥም። ገንዘቡ ያለው ጎዳና ላይ፣ በተለይ ማራቶን ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሯጭ ገና በወጣትነቱ መሙን ትቶ ወደ አስፋልት ይወጣል።

ውጤቱንም እያየነው ነው። ከ1993 እስከ 2011 ከተካሄዱት 10 የዓለም ሻምፒዮናዎች በወንዶች 10,000 ሜትር ዘጠኙን ያሸነፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፦ ኃይሌ አራት፣ ቀነኒሳ አራት፣ ኢብራሂም አንድ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025ቱ የቶኪዮ ሻምፒዮና ድረስ ፋራህ ሦስት፣ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ሦስት፣ ፈረንሳዊው ጂሚ ግረሲዬ አንድ ወስደዋል። ሰለሞን ባረጋ ለ2020 በታሰበውና 2021 ላይ በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቁን አምጥቷል። የዓለም ሻምፒዮናውን ግን ለመጨረሻ ጊዜ ያመጣው የባሌው ልጅ ነው።

ለሮቤና ለጎባ ልጆች

ከፍታው አለን። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች፣ ሳነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ግን ጎረቤታችን አርሲ ውስጥ በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ከፍታዋ ብቻ አይደለም፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እየለዩ ለዓመታት መያዛቸው ነው። ሯጭ የሚወጣው ተከታትሎ የሚይዘው ሰው ሲያገኝ ነው።

እና ሩጫን ሥራዬ ብላችሁ የያዛችሁ፣ ሦስት ነገር ከዚህ ታሪክ ውሰዱ። ሕመም ሲሰማችሁ "ይለፍልኛል" ብላችሁ አትሩጡበት፤ ቶሎ ታዩ። ገንዘብ ስታገኙ በየዓመቱ የሚመጣ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ የ0.26 ሰከንድ ጉዳይ ነው። ትምህርታችሁንም አትጣሉ፤ ምክንያቱም የዓለም ሻምፒዮን ሆኖም ሁለት ዓመት ብቻ መድረክ ላይ መታየት አለ።

የዴጉን ሩጫ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት። 25ቱን ዙር ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ የመጨረሻውን 100 ሜትር ብቻ ተመልከቱ፤ ከኋላ የሚመጣው ኢብራሂም ነው።