ከኤፍ እስከ ቲ፦ በአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ሥር የሚሮጠው ባቡር

«ልጄ፣ ሹፌሩ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ እማማ፣ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን፣ በሌላው የነጠላቸውን ጫፍ እንደያዙ። ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን መጥተን ሁለታችንም አትላንታ ላይ የአገር ውስጥ በረራ እንቀይራለን። ኢሚግሬሽን አልፈን፣ ሻንጣ ተቀብለን፣ ጉምሩክ ተሻግረን፣ ሻንጣውን መልሰን አስረክበን፣ እንደገና ተፈትሸን ነው እዚህ ባቡር ላይ የደረስነው።

«ሹፌር የለውም እማማ።»

«ታዲያ ማን ያቆመዋል?»

ያን ዕለት መልሱን አሳጥሬ ነው የነገርኳቸው። እዚህ ግን ላስፋፋው፤ ነገሩ ይገባዋልና። ብዙ መንገደኛ ይህ ባቡር ለአውሮፕላን ማረፊያው በኋላ የተጨመረ ማመላለሻ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሃርትስፊልድ ጃክሰን የተባለው ይህ ግዙፍ ማረፊያ ባቡሩ ባይታሰብ ኖሮ ዛሬ ባለው ቅርጽ ሊሠራ ባልቻለ ነበር።

ቅርጹ የዓሣ አጥንት ይመስላል። የጎን አጥንቶቹ ኮንኮርስ የሚባሉት ናቸው፤ አውሮፕላኖች ግራና ቀኛቸውን ተደርድረው የሚቆሙባቸው ረጃጅም የመሳፈሪያ ሕንፃዎች። ቲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እየተባሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሰለፋሉ። በአንዱና በሌላው መካከል 300 ሜትር ገደማ ክፍት ሜዳ አለ። ሜዳው ባዶ የሚሆነው በምክንያት ነው፤ አውሮፕላኖቹ ከማኮብኮቢያው መጥተው ወደየበራቸው የሚገቡት በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ሰው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በመሬት ላይ መሻገር አይችልም። የአጥንቱ አከርካሪ ከመሬት በታች የሆነውም ለዚሁ ነው። ላይ አውሮፕላን፣ ታች ሰው።

ይህ አሠራር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1980 ነው። ያኔ ሹፌር የሌለው ባቡር በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ገና አዲስ ነገር ነበር። በፍሎሪዳ የምትገኘው ታምፓ እ.ኤ.አ. በ1971 ቀዳሚ ሆናለች፤ የአትላንታው ባቡር ሠሪም የታምፓውን የሠራው ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ ነው። የአትላንታ መሐንዲሶች የተለዩበት፣ ባቡሩን የመላው ማረፊያ መሠረት ለማድረግ መድፈራቸው ላይ ነው። የደፈሩትም የሚያስተናግዱት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አውቀው ነው። አብዛኛው መንገደኛ ወደ ከተማው አይወጣም። ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው ላይ ይሳፈራል፤ እኛ ቦሌ ላይ ትራንዚት የምንለው ነው። ለእንዲህ ያለ መንገደኛ ጥሩ ማረፊያ ማለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከየትኛውም በር ወደ የትኛውም በር የሚያደርሰው ነው።

የግንባታው ዘመን ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን ነበሩ፤ የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ። ከሥራው ኮንትራት ሩብ ያህሉ ለጥቁሮችና ለሌሎች ተገፍተው ለኖሩ ወገኖች ድርጅቶች እንዲደርስ ካልተደረገ ግንባታው አይቀጥልም ብለው ጸኑ፤ አስፈጸሙትም። ዛሬ የውጭ አገር መንገደኛ የሚያልፍበት ተርሚናል ስማቸውን ይዟል። እኔ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ።

ወደ እማማ ጥያቄ ልመለስ። ባቡሩ ፕሌን ትሬን ይባላል። ባቡር ብንለውም እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር በብረት ሐዲድ ላይ አይሄድም። እንደ አውቶቡስ የጎማ እግር አለው፤ በሁለት የኮንክሪት መስመሮች ላይ ይሽከረከራል። በመስመሮቹ መሃል የተዘረጋውን የብረት አግዳሚ ከሥሩ ያሉ ትናንሽ ጎማዎች ግራና ቀኝ ስለሚይዙት ከመንገዱ አይወጣም። ኤሌክትሪኩንም የሚያገኘው ከዚያው ከመሃል ነው። መነሳቱን፣ መፍጠኑን፣ መቆሙን፣ ከፊቱ ካለው ባቡር መራቁን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ በመቆጣጠሪያ ክፍል ደግሞ ሁሉንም የሚከታተሉ ሰዎች አሉ። በየጣቢያው ባቡሩ ከግድግዳው በሮች ትይዩ በልኩ ይቆምና የባቡሩ በርና የግድግዳው በር አብረው ይከፈታሉ። ሰው ወደ መስመሩ የሚወድቅበት ክፍተት የለም። ሌላ ባቡር ለመምጣት ሁለት ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ስለዚህ በሩ ሊዘጋ ሲል ሻንጣ እየጎተቱ መሮጥ አያስፈልግም፤ አረጋውያንን ይዞ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ብነግረው ደስ ይለኛል።

በቀን ከ200,000 በላይ ሰው ይሳፈርበታል። ወንበሩ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ከጣቢያ ጣቢያ ያለው ጉዞ ግን የደቂቃ ጉዳይ ነው። ክፍያ የለውም።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ድምፁ ነው። ቀጣዩን ጣቢያ ሲጠራ ፊደሉን ብቻ ተናግሮ አያቆምም፤ ከቃል ጋር ያያይዘዋል። ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ቲ በጫጫታ መሃል ለጆሮ አንድ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው ደግሞ ይብሳል። የእኛ የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ እያሉ ድምፃቸው የተመሳሰለ ፊደላትን በቃል ለይተው አስተማሩን። የአትላንታው ባቡርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የፊደል አጠራር ዲ «ዴልታ» ነው፤ እዚህ ግን ዴልታ የአየር መንገድ ስም ስለሆነና ማረፊያውም ዋና መናኸሪያው ስለሆነ፣ መንገደኛ እንዳይሳሳት «ዲ እንደ ዴቪድ» ይባላል። ለአንድ ፊደል ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል።

በእማማ የመሳፈሪያ ወረቀት ላይ ሲ የሚል ፊደል ነበር። ጣቢያዎቹ በፊደል ተራ ስለሚሄዱ፣ ከምሥራቅ ሲመጡ ኢ፣ ዲ፣ ከዚያ ሲ ብለን አብረን ቆጠርን። አንድ ጣቢያ ቢያልፉ እንኳ ጭንቅ የለም። ወርዶ ወደ ማዶው ጎን ተሻግሮ በመልሱ ባቡር መምጣት ነው። ይህን ስነግራቸው ትከሻቸው ዘና ሲል አየሁት።

መሐንዲሶቹ አርቀው ያሰቡት ሌላም ነገር አለ። ከባቡሩ መስመሮች መሃል ለመሃል የእግረኛ መንገድ አለ፤ ሰውን ቆሞ የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ወለልም ተዘርግቶበታል። ሰዓት ያለው ሰው በዚያ ቢሄድ አይቆጭም። በቲና በኤ መካከል ከዚምባብዌ የመጡ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጾች ቆመዋል፤ ከኤ ወደ ቢ ሲሄዱ ደግሞ ጣሪያው ጫካ ይሆንና የወፍ ድምፅ ይሰማል። የዚህ መንገድ ጥቅም የታየው ግን በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ከመሬት በታች ባለ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በተነሳ እሳት ማረፊያው በሙሉ ለአሥራ አንድ ሰዓት ያህል ጨለመ። ከ1,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። ባቡሩም ቆመ፤ ለሰው የቀረለት ይህ የእግረኛ መንገድ ነበር።

የዋሽንግተን ዳለስ ማረፊያ ታሪክ ከዚህ ጎን ሲነበብ ነገሩን ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ኤሮ ሳሪነን የተባለው አርክቴክት መንገደኛው እንዳይደክም ብሎ አዳራሹን ራሱን በጎማ አቆመው፤ መንገደኛው ከዋናው ሕንፃ ትልቅ ተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ ይገባና ክፍሉ አውሮፕላኑ ድረስ ይወስደዋል። መንገደኛው ሲበዛ ግን ተሽከርካሪዎቹ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳለስም ከመሬት በታች ባቡር ዘረጋ። ከአዲስ አበባ ዳለስ የሚገባ ወገናችን ወደ ኢሚግሬሽን ሲወሰድ ዛሬም በእነዚያ ተሽከርካሪ ክፍሎች መሳፈሩ አይቀርም።

አትላንታ ሲባል ብዙዎቻችን በ1996ቱ ኦሊምፒክ የኃይሌን 10,000 ሜትርና የፋጡማ ሮባን ማራቶን እናስታውሳለን። ኮንኮርስ ኢ ለውጭ አገር በረራ የተከፈተው ከዚያ ድግስ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ባቡሩም አብሮ ወደ ምሥራቅ ረዘመ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤፍ ሲጨመር ደግሞ ትልቅ ሸክም ቀለለ። ከዚያ በፊት ከውጭ አገር መጥቶ አትላንታ ላይ የሚቀር ሰው እንኳ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ መልሶ አስረክቦ፣ ዳግመኛ ተፈትሾ፣ በባቡሩ ዳር እስከ ዳር ሄዶ በምዕራቡ በር ነበር የሚወጣው። ዛሬ ቀጥታ በምሥራቁ ይወጣል።

ዘመድ ለመቀበል የሚሄድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ አትላንታ ይበራል፤ በቀጥታ የመጣ እንግዳ የሚወጣው በምሥራቁ፣ በሜይናርድ ጃክሰን ተርሚናል ነው። ዋሽንግተን ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ላይ ቀይሮ የመጣው ግን በባቡሩ እስከ መጨረሻው ሄዶ በምዕራቡ፣ በአገር ውስጥ ተርሚናል ይወጣል። ባቡሩ ያለው ከፍተሻው ወዲያ ስለሆነ ተቀባዩ ሊሳፈርበት አይችልም። በሩን ከሳተ በመኪናው ማረፊያውን መዞር ወይም በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል የሚመላለሰውን ነፃ አውቶቡስ መያዝ አለበት። ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት «ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ከማለት ይልቅ «መጨረሻ የምትሳፈረው ከየት ከተማ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።